እሬት በቫዞ ውስጥ እንዲያብብ ምን ይጎድለዋል?

ባለበረንዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ አንድ እሬት አለኝ፣ አሎቬራ የሚባለው። ከእናቱ ተነጥሎ ከተተከለ አራት ዓመት አልፎታል፤ አበባ ግን አሳይቶ አያውቅም። ሁኔታው ይህን ይመስላል፦ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ ደቡብ ይመለከታል። የተተከለው አፉ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቫዞ ነው። አፈሩ ከችግኝ ሻጮች የተገዛ ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ነው። በሳምንት ሁለቴ ውሃ ይጠጣል። ከሥሩ ሰባት ልጆች አውጥቷል። ቅጠሉን ለፀጉርና ለፊት እየቆረጥን እንጠቀምበታለን።

አንዱ ዩሪያ ጨምሪበት ይለኛል፣ ሌላው ትልቅ ቫዞ ፈልጊለት ይላል። ልጆቹስ ይነቀሉ ወይስ ይቆዩ? አንዴ ካበበ ይደርቃል የሚባለውስ እውነት ነው? ክረምቱ ሊወጣ ስለሆነ ከመስከረም በፊት ማወቅ ፈልጌ ነው። የምታውቁ ብታስረዱኝ፣ እህታችሁ።


ጋሼ ችግኝ፦

እህቴ፣ ከጻፍሽው ውስጥ አበባውን የያዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አፈሩ፣ ውሃውና መቀሱ። ማዳበሪያ መጨረሻ ላይ የሚታይ ጉዳይ ነው፤ በረንዳሽ ደግሞ አልተበላሸም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚመኘው አቅጣጫ ነው።

መጀመሪያ መቀሱን እናንሳ። አሎቬራ ከልጅ ተተክሎ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አራት ዓመት በፊት አያብብም። ከዚያ ወዲያ ግን ዕድሜው ብቻውን አይወስንም፤ ተክሉ ያጠራቀመው ስንቅ ነው የሚወስነው። ቅጠሉ ጎተራው ነው። አንድ ሜትር የሚጠጋ ዘንግ አውጥቶ በደርዘን የሚቆጠር አበባ የሚሸከመው ከዚያ ጎተራ እያወጣ ነው። የደረሰ ተክል ከ12 እስከ 16 የሞሉ ቅጠሎች ይኖሩታል። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ቅጠል የሚቆረጥለት እሬት የጎደለውን ሲሞላ ዓመቱ ያልቅበታል። ለፀጉር የሚሆነውን ከሌላ ቫዞ ቁረጡ፤ ለዚህም ልጆቹ ይጠቅሙሻል። ከዚህኛው ግን ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ አንድም ቅጠል አይነካ። ግድ ከሆነ ከታች፣ ከውጭ በኩል ያለውን አንዱን ብቻ፣ ከግንዱ አስጠግተሽ ውሰጂ፤ ከመሃል በፍጹም።

አፈሩ። ጥቁር አፈር፣ በተለይ መረሬው፣ ውሃ ከያዘ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። ፍጉ በላዩ ላይ ናይትሮጅን ያበዛበታል። ውጤቱ የምታይው ነው፦ ቅጠልና ልጅ ብቻ። እኔ የምመርጠው ድብልቅ ይህ ነው፤ በአንድ ጣሳ እየለካሽ፦ ሁለት ጣሳ ለብሎኬት መሥሪያ የሚመጣው ፓሚስ ወይም ቀዩ ሬድ አሽ፣ አንድ ጣሳ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ፓሚሱን በወንፊት ንፊና ዱቄቱን ጣይው፤ ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያክለውን ብቻ አስቀሪ። ዱቄቱ ከገባ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል፣ ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል። አሸዋው ሲሚንቶ ከተቦካበት ቦታ የተጠረገ እንዳይሆን።

ከቫዞው ሥር ጠጠር የሚደረድሩ አሉ። አይጠቅምም። ከላይ ያለው አፈር በውሃ እስኪሞላ ድረስ ውሃው ወደ ጠጠሩ አይወርድም፤ ስለዚህ እርጥቡ ቦታ ወደ ሥሩ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ቀዳዳው ላይ አንድ የሸክላ ገል ደፋ አድርገሽ ማስቀመጥ በቂ ነው። ቫዞውም ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጎኑ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል። ስፋቱን አትጨምሪ፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ ይበቃዋል።

የማዛወሩን ሥራ ዝናቡ ሲቀንስ፣ መስከረም ውስጥ አድርጊው። ከሳምንት በፊት ውሃ አቁሚ። ቫዞውን አጋድመሽ ተክሉን ከነሥሩ አውጪ፣ አፈሩን አራግፊ። ጠቁሮ የለሰለሰ ሥር ካለ በንጹሕ ቢላ ቁረጪ፤ ጤነኛው ሥር ወፍራምና ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነው። ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር የደረሰና የራሳቸው ሥር ያላቸውን ልጆች ለያቸው። ሁሉንም፣ እናቱንም ልጆቹንም፣ ጥላ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አስተኝተሽ ቁስሉን አድርቂ። ይህን ቀን የሚያሳጥር ሰው ነው በኋላ ተክሌ ከሥሩ በሰበሰ የሚለው። ከዚያ በደረቁ ድብልቅ ትከይው፣ የመጀመሪያውን ውሃ ከሰባት ቀን በኋላ ስጪው።

ብርሃን ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሁሉ ይጠቅማል። አሎቬራ ለማበብ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ ያንቺ በረንዳ በክረምት ጥላ ነው፣ በበጋ ግን ቀኑን ሙሉ ያገኛል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። የበረንዳሽ መከለያ ግንብ አንድ ሜትር ከሆነ፣ ከጀርባው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወለል በዚያ ሰዓት ጥላ ነው። በጣም ወደ ውስጥ ካስገባሽው ደግሞ ከላይ ያለው ሶሌታ (የላይኛው ፎቅ ወለል) ይከልለዋል። መፍትሔው ቫዞውን በጠንካራ መቀመጫ ከመከለያው እኩል ማንሳትና ከጠርዙ በአንድ ሜትር ውስጥ ማድረግ ነው። ግንቡ አናት ላይ ግን አታስቀምጪው፤ ከሦስተኛ ፎቅ የሚወድቅ ቫዞ ሰው ይገድላል።

ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው አበባ ባይጠብቅ ይሻላል፤ ፀሐይ የሚያገኘው በደመናው ወራት ነውና። ምሥራቅና ምዕራብ ግማሽ ቀን ያገኛሉ፣ ከፊታቸው ሕንፃ ካልተደቀነ ይሠራል።

ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ በአንድ ቀን አይሁን። መጀመሪያ ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመርሽ በሦስተኛው ሳምንት ሙሉውን። በደጋ ያለው ፀሐይ ይፋጃል። ፀሐይ በሚያየው ጎን ነጣ ያለ ደረቅ ጠባሳ ከወጣ ተቃጥሏል፣ ያ አይመለስም። ቅጠሉ በሙሉ ቀላ ካለ ግን አትደንግጪ፤ ፀሐይና ጥም ስለጸናበት ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል።

አሁን ዋናው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ለእሬት ጎርፍ ነው። በእድገት ጊዜ ቀጭን እንጨት እስከ መሃል ሰክተሽ አውጪው፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ አታጠጪ። ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ከታች እስኪፈስ አጠጪና ከሥሩ ያለውን ሳህን ወዲያው ድፊው። በዚህ ድብልቅ በየ10 እስከ 14 ቀን ይሆናል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ደግሞ አስርቢው፦ በወር አንዴ፣ ግማሽ ሊትር ብቻ። አዲስ አበባ በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። ለአበባ የሚያስነሳው ይህ ቅዝቃዜና ድርቀት ሲገናኝ ነው፤ ውሃ ያልጎደለበት እሬት ቅጠል ማውጣቱን የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። ቅጠሉ ትንሽ ቢሳሳ ተይው። ዘንግ ስታዪ ወይም ጥር ሲጋመስ ወደ ቀድሞው ውሃ ተመለሺ።

መስከረም ላይ ሥሩ ስለተነካ ዘንድሮ ባያብብ አይግረምሽ። የሚቀጥለው በጋ ላይ ነው የምትጠብቂው።


የደጋ አበባ፦

ጋሼ ስለ መድረቁ ሳይመልሱ አለፉ። ካበበ በኋላ የሚሞተው ቃጫ ነው፣ እሬት አይደለም። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ነው ወሬው የመጣው። ቃጫና ዘመዶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠራቀሙትን አንድ ግዙፍ ዘንግ ላይ ጨርሰው ይደርቃሉ። እሬት ግን ከተመቸው በየዓመቱ ያብባል። መለየት ቀላል ነው፦ ቅጠሉን ስትሰብሪው ቃጫ ጠንካራ ክር እየተጎተተ ይወጣል፤ የእሬት ቅጠል ግን ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ ከልጣጩ ሥር ቢጫ መራራ ፈሳሽና መሃሉ ላይ የሚያዳልጥ ውሃማ ሥጋ ይታያል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው የተክሉ ማንነት ነው። በየቤቱ አሎቬራ እየተባለ የሚያድገው ሁሉ አሎቬራ አይደለም። እውነተኛው አሎቬራ ሲደርስ ቅጠሉ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ላይ ይቆማል፤ ነጭ ነጠብጣቡ በልጅነቱ ይታይና አብዛኛውን ጊዜ ሲያድግ ይጠፋል። አበባው ቢጫ ነው፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ሆኖ ወደ ታች ያቀረቅራል፣ ከዘንጉ ግርጌ ጀምሮ ወደ አናት እየተከታተለ ይፈነዳል። ትልቅ ሆኖም ነጠብጣቡ ካልጠፋና አበባው ብርቱካናማ ሆኖ አናቱ ላይ ጥላ ዘርግቶ ከተሰበሰበ ሌላ ዝርያ ነው።

ዓላማው ቅጠሉ ሳይሆን አበባው ከሆነ ደግሞ አሎቬራ ላይ ብቻ ሙጭጭ ማለት አያስፈልግም። አሎቬራ ራሱ መነሻው የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ሌላ አገር የሌሉ ናቸው። በደብረ ብርሃን ስም የተሰየመው አሎ ደብራና በደጋው ቀይ አበባ ያወጣል፤ አሎ አንኮበረንሲስ ከአንኮበር ገደል ላይ ይንጠለጠላል፤ በሰሜኑና በኤርትራ ያለው አሎ ካምፔሪ ደግሞ ለጓሮ በጣም ለጋስ ነው፣ እየተባዛ ቁጥቋጦ ይሆንና ብርቱካናማ አበባውን ይደረድራል። ከገደልና ከግጦሽ መሬት ግን ነቅላችሁ አታምጡ። ከአሎቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የንግድ ቁጥጥር ውስጥ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ ድንበር መሻገር ያስጠይቃል። ችግኝ ጣቢያ ጠይቁ፣ ወይም ካለው ሰው ልጅ ተቀበሉ።


ባለበረንዳ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የጻፉትን ቀድቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። የደጋ አበባ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ፤ የኔው ቆርጬ ሳየው አሎቬራ ነው፣ ነጠብጣብ የለውም። ሦስት ነገር ቀረኝ። ዘንጉ ሲመጣ ከአዲስ ቅጠል ወይም ከልጅ በምን ይለያል? ማዳበሪያውስ ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ነው? የጎረቤቴ እሬት ደግሞ ዘንግ አውጥቶ ሳይፈነዳ ደርቆ ቀረባት፤ ለምን ይሆን?


ሥርና ቅጠል፦

ልጅ ሁልጊዜ ከአፈሩ፣ ከግንዱ ሥር ነው የሚወጣው። አዲስ ቅጠል ከመሃል፣ ከእምብርቱ ይመጣል። የአበባ ዘንግ ግን ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጎን፣ በሁለት ቅጠሎች መካከል ብቅ ይላል፤ ጫፉ ጠፍጠፍ ያለና በትናንሽ ደረቅ ቅርፊቶች የተደራረበ ነው፣ ጎኑም እሾህ የለውም። ሁለት ሦስት ሳምንት ከጠበቅሽ ጥርጣሬው ራሱ ይፈታል፤ ቅጠል ይሰፋል፣ ዘንግ ይረዝማል።

የጎረቤትሽ ዘንግ የደረቀበት ምክንያት ከአራቱ አንዱ ይሆናል። በብዛት የማየው ይሄ ነው፦ ሰው ዘንጉን ሲያይ ይደሰትና ቫዞውን ለእንግዳ እንዲታይ ሳሎን ያስገባዋል። ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ሲቀንስ ተክሉ እምቡጡን ይጥላል። ዘንግ የታየበት ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው ይቆይ። ማዞርም አያስፈልግም፤ ዘንጉ ወደ ብርሃን ስለሚያዘነብል በየጊዜው ስታዞሪው እየተጣመመ ይሄዳል። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ሲያርፍ ማስራብ ትክክል ነው፣ ዘንግ ከወጣ በኋላ መቀጠሉ ግን እምቡጡን ያደርቃል። ሦስተኛው ነፋስ። ከፎቅ በረንዳ ላይ ዘንግ ይወዛወዝና ከሥሩ ይቀነጠሳል፤ አንድ ቀጭን ሸንበቆ ከቫዞው ጠርዝ ሰክተሽ በላላ ክር ደግፊው።

አራተኛው ተባይ ነው፣ እሱ ሰፋ ይላል። ለጋው ዘንግ ላይ ክሽክሽ ይሰፍራል፤ ጉንዳን በዘንጉ ሲመላለስ ካየሽ እዚያ አለ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ፀሐይ ሲበርድ ርጪ፣ በነጋታው በንጹሕ ውሃ እጠቢ፣ በአምስተኛው ቀን ድገሚ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ካለ ሚሊባግ ነው፤ የጆሮ ጥጥ 70 በመቶ አልኮል አስነክተሽ አንድ በአንድ ጥረጊ። ውስጥ ለውስጥ ስለሚደበቅ ሳሙና ብቻውን አይደርስበትም። ሥሩም ላይ ስለሚኖር ስታዛውሪ አስተውዪ።

ዘንጉ ወይም ቅጠሉ ላይ የተጠማዘዘ፣ ጎርበጥባጣ እብጠት ካየሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓይን የማትታይ፣ ማይት የምትባል የሸረሪት ዘመድ ተክሉን እያስቆጣች የምታሳብጠው ነው፤ ነፋስ ከተክል ተክል ይዟት ይሄዳል። በሳሙናም በአልኮልም አይለቅም። ያበጠውን ከነጤነኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጨምረሽ ቁረጪ፣ አቃጥይው፣ ቢላውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ተክሉንም ከሌሎቹ አርቂው። እብጠቱ እምብርቱ ላይ ከደረሰ ተክሉን መጣል ይሻላል።

ማዳበሪያ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፤ አበባ ለምትፈልጊው ተክል ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ቅጠሉን ያፋፋዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ለመበስበስም ያመቻቸዋል። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት አለው፤ ገበሬዎች ዘንድ ያለው ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር ነው። ከሁለቱ አንዱን ካገኘሽ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ በአምስት ሊትር ውሃ አሳድሪው፣ ዝቃጩን ትተሽ ከላዩ አንድ ሊትር ለቫዞው ስጪ። አፈሩ አስቀድሞ በተራ ውሃ የራሰ ይሁን፤ ደረቅ ሥር ላይ ካፈሰስሽው ያቃጥለዋል። መጋቢት አንዴ፣ ሌላ ዓመት ደግሞ መስከረም ላይ ካላዛወርሽው አንዴ፣ አበቃ። በእረፍቱ ወራት ምንም። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ከደረቀና አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ በዝቷል፤ በቫዞው ይዞታ ሦስት እጥፍ ተራ ውሃ አሳልፊበት። አመድ የምትጨምሩም አላችሁ፤ ስታዛውሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጉዳት የለውም፣ ከዳፕ ወይም ከዩሪያ ጋር ግን አብራችሁ አታድርጉት። ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ቀይሮ ያበነዋል፤ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል።

የቡና አተላ፣ የሩዝ እጣቢ፣ ስኳር ውሃ፣ የሙዝ ልጣጭ፦ ስልክ ላይ ሁሉም ያሳብባል ይባላል። አተላው እርጥበት ይዞ ትናንሽ ዝንቦች ያራባል፣ ስኳሩ ሻጋታና ጉንዳን ይጠራል፣ ልጣጩ ቫዞ ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ በቶሎ ምንም አይሰጥም።

በአንድ ነገር ከጋሼ ጋር አልስማማም። ልጆቹን ሁሉ መንቀል ግዴታ አይደለም። ትልልቆቹ ውሃና አፈር ስለሚሻሙ ይውጡ፣ ግን ጥቅምት ካለፈ አትንኪያቸው፤ ሥር ተነካክቶ ወደ እረፍት የገባ ተክል አያብብም። ሌላው «ጠባብ ቫዞ ያሳብባል» የሚለው እምነት ነው። ጥበቱ ራሱ ምንም አያደርግም። ጠባብ ቫዞ ቶሎ ስለሚደርቅ ነው የሚሠራው፤ ድብልቁ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ማጣበቡ ትርፍ የለውም፣ አናቱ የከበደ ተክል እንዲገለበጥ ብቻ ያደርጋል።


ጋሼ ችግኝ፦

በልጆቹ ጊዜ ላይ ልክ ነህ፤ መስከረም ያልኩትም ለዚሁ ነው። ሰባቱ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አይቆዩም፣ እዚያ ላይ አልለቅህም።


ከሜሪላንድ፦

ውጭ አገር ላለን ትንሽ ልጨምር፣ የወሩ ስሌት እዚህ ስለሚገለበጥ። እኛ ጋ ብርዱ ሲመጣ ብርሃኑም አብሮ ይጠፋል። አዲስ አበባ ብርድና ፀሐይ በአንድ ወር ይገናኛሉ፣ እዚህ አይገናኙም፤ ስለዚህ ስንቁ በሞቃቱ ወራት መያዝ አለበት። በዋሽንግተን አካባቢ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲረጋ፣ ማለትም በሜይ ወር፣ ወደ ውጭ አውጡት። አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ ሙሉውን። ኦክቶበር ላይ ሌሊቱ ወደ ስድስትና ሰባት ዲግሪ ሲወርድ ይግባ። ውርጭ አንዴ ከነካው ቅጠሉ ውሃ ሆኖ ይፈሳል።

ከገባ በኋላ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ማሞቂያው አጠገብ በማስቀመጥ ነው። ሌት ተቀን 22 ዲግሪ ሙቀትና ደካማ ብርሃን ሲገናኙ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይገረጣል፣ ይጋደማል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ የሆነ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል ፈልጉለት፤ የማይሞቅ በረንዳ ወይም የደረጃ መስኮት ይሆናል። ውሃውን በወር አንዴ አድርጉት። እንዲህ ዓይነት ቦታ ከሌለ የኤልኢዲ መብራት ከቅጠሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሰቅላችሁ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሩ፣ ሌሊት ደግሞ ክፍሉን አቀዝቅዙ። ዘንግ ከመጣ የሚመጣው ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው። ስዊድንና ጀርመን ያላችሁም ያው ነው፣ ብርሃኑ ግን ከእኛም ስለሚያንስ ያለ መብራት ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

እስራኤል ላላችሁ ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ስለሆነ ማረፊያው ጊዜ እርጥብ ይሆናል። ቫዞውን ጣሪያ ሥር አስገቡት፣ ፀሐዩን ግን በጎን ያግኝ። ዱባይ፣ ጅዳና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከረፋድ ጀምሮ በጥላ መረብ ከልሉት። ጥቁር ፕላስቲክ ቫዞ በዚያ ፀሐይ ሥሩን ይቀቅለዋል፤ ነጭ ወይም ሸክላ ይሁን። ውሃው ጎህ ሲቀድ ይሰጥ። አበባው የሚጠበቀው ሙቀቱ ከበረደ በኋላ፣ በክረምታቸው መጨረሻ ነው።


ባለበረንዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻዬ ናት፦ አበባው ሲያልቅ ዘንጉ ይቆረጣል ወይስ ዘር ይያዝበት?


ሥርና ቅጠል፦

አንድ አሎቬራ ብቻውን በራሱ የአበባ ብናኝ ዘር አይዝም ማለት ይቻላል። ከአንዱ እናት የወጡ ልጆችም ሁሉ አንድ ተክል ስለሆኑ እርስ በርሳቸው አይረዳዱም፤ የሌላ ዘር እሬት በአንድ ጊዜ ሲያብብና ንብ ወይም የአበባ ማር የሚቀስሙት ትናንሽ ወፎች ሲመላለሱ ነው ፍሬ የሚያስረው። ቢያስርም ከዘር የሚያድገው ዲቃላ ይሆናል፣ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ለዘር ብለሽ አታቆዪው። የላይኞቹ አበቦች ሲጠወልጉ አትቸኩዪ፣ ዘንጉ ግርጌው ድረስ ገለባ እስኪሆን ጠብቂ። ከዚያ በሹል መቀስ ከቅጠሉ በላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ትተሽ ቁረጪ፤ ቀሪው ጉቶ በወር ውስጥ ደርቆ በእጅ ሲሳብ ይወጣል። እርጥቡን ከሥሩ ከጎተትሽው ግንዱን ያቆስላል፣ ክረምት ሲገባ በዚያ ቁስል ውሃ ይገባና ከመሃል ይበሰብሳል።

ዋናው ነገር ቅጠሉን ነው የምትሉ ደግሞ ዘንጉን ገና ሲወጣ ቁረጡት። እሬትን ለቅጠሉ የሚያለሙ እርሻዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።